የሚያፈስ የቤት ቧንቧ፦ ማሰር፣ ቆርጦ መቀየር ወይስ መስመሩን እንደ አዲስ መዘርጋት?

አዳማ ውስጥ የቤቱ ቧንቧ ማፍሰስ የጀመረበት ሰው ሦስት ሰው ቢያማክር ሦስት የተለያየ መልስ ያገኛል። ጎረቤቱ በላስቲክ አጥብቆ እንዲያስረው ይመክረዋል፤ የቧንቧ ሠራተኛው የተበላሸችው ክፍል ብቻ ተቆርጣ ብትቀየር እንደሚበቃ ይነግረዋል፤ የግንባታ ዕቃ ሻጩ ደግሞ ብረቱን ጨርሶ አውጥቶ በፒፒአር፣ በሙቀት ቀልጦ በሚያያዝ የፕላስቲክ ቧንቧ፣ እንዲተካው ይገፋፋዋል። ሦስቱም ምክር ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለው። ችግሩ አብዛኛው ሰው የሚመርጠው የሚፈሰውን ውሃ ብዛት ዓይቶ መሆኑ ነው፤ ጥቂት ከተንጠባጠበ ያስራል፣ ከተንዠቀዠቀ ይቀይራል። እኔ ግን ምርጫው መወሰን ያለበት ቀዳዳዋ በምታወጣው ውሃ ሳይሆን፣ ቀዳዳዋ የወጣችበት ቧንቧ በቀረው ርዝመቱ ላይ ምን ያህል ጤነኛ ነው በሚለው ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ ቤተሰብ ለአንድ መስመር በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ሲከፍል አይቻለሁ።

ከመምረጥ በፊት፦ የሚያፈሰው የቱ ነው?

ውሃው የሚፈሰው ከቆጣሪው በፊት ባለው መስመር ላይ ከሆነ ጥገናው የከተማው ውሃ አገልግሎት ሥራ ስለሆነ፣ የራስን ሠራተኛ ጠርቶ መቆፈር ሳይሆን ማመልከት ነው የሚገባው። ከቆጣሪው በኋላ ያለው መስመር ግን የደንበኛው ነው፤ የሚፈሰውንም ውሃ ቆጣሪው ስለሚቆጥረው ሒሳቡ የሚመጣው ለቤቱ ነው። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የባከነው ውሃ የተጠቀምንበትን ውሃ ጭምር ያስወድደዋል።

የተደበቀ ፍሳሽ መኖሩን ለማወቅ የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ መዝጋት፣ ወደ ሮቶው የሚገባውንም መዝጋት፣ ከዚያም የቆጣሪውን ትንሿን ተሽከርካሪ መመልከት ይበቃል። ምንም ሳይከፈት ተሽከርካሪዋ የምትዞር ከሆነ ውሃው የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። በእኛ ከተማ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጠፍቶ የቆየው ውሃ ሲመለስ በመስመሩ የተጠራቀመውን አየር እየገፋ ይመጣል፤ ቆጣሪውም በአየር ይዞራል። ስለዚህ ምርመራው መደረግ ያለበት ውሃው ከመጣ ትንሽ ቆይቶ፣ ቧንቧ ሲከፈት መትፋቱንና መንኮራፋቱን ካቆመ በኋላ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ሌሊት ነው፤ ሰው ሁሉ ተኝቶ ፍጆታ ሲቀንስ የመስመሩ ግፊት ስለሚጨምር ቀን የማይታየው ፍሳሽ ሌሊት ይታያል።

ከሮቶው በኋላ ያለው መስመር በቆጣሪ አይመረመርም። ማታ የሮቶው ውሃ የደረሰበትን ቦታ ምልክት አድርጎ፣ መግቢያውን ዘግቶ፣ ጠዋት ማንም ሳይጠቀም መመልከት ነው። ሮቶው 3 ሜትር ከፍታ ላይ ከተቀመጠ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነው፤ በየ10 ሜትሩ ከፍታ 1 ባር ገደማ ስለሚገኝ። የከተማው መስመር ግፊት ብዙ ጊዜ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በሮቶ ግፊት ዝም ብሎ የከረመ መገጣጠሚያ ከከተማው መስመር ጋር በቀጥታ ሲገናኝ የሚያፈሰው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ተጨማሪ ቀላል ሙከራ ላክል። ግድግዳ ከመሰበሩ በፊት የመጸዳጃ ቤቱን የውሃ ሳጥን መመርመር ይገባል። የተቀቀለ ቀይ ሥር ውሃ ሳጥኑ ውስጥ ጨምሮ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይለቁ መጠበቅ ነው፤ መቀመጫው ውስጥ ቀይ ቀለም ከታየ ውሃውን የሚያባክነው ቧንቧው ሳይሆን የሳጥኑ ላስቲክ ነው፣ መፍትሔውም አንድ ላስቲክ መግዛት ብቻ ይሆናል።

የሚታየውን ፍሳሽ መለካትም ጠቃሚ ነው። ከሥሩ ዕቃ አስቀምጦ 1 ሊትር በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ማየት ነው። በ10 ደቂቃ ከሞላ በቀን 144 ሊትር፣ ማለትም ከ7 ጀሪካን በላይ ይሄዳል፤ በ30 ቀን 4 ሜትር ኩብ ከ320 ሊትር ይደርሳል። በፈረቃ የሚኖር ቤት ይህን የሚያጣው መስመሩ ላይ ውሃ ባለበት ሰዓት ብቻ ቢሆንም፣ ለቤት አገልግሎት ውሃ የሚጠራቀመውም በዚያው ሰዓት ነው። ይህ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተስቦ፣ ተጣርቶና በክሎሪን ታክሞ የሚደርሰን ነው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ የፍሎራይድ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ወሰን በብዙ ቦታ እንደሚበልጥ፣ በወንጂ አካባቢም ከዚህ የተነሳ የብዙ ሰው ጥርስና አጥንት እንደተጎዳ ለሚያውቅ ሰው የተጣራ ውሃ መሬት ውስጥ ሲሰርግ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ማሰር፦ እስከ መቼ?

በጎማ ላስቲክ ጠቅልሎ በሽቦ ማጥበቅ፣ በብሎን የሚጠብቅ ክላምፕ ማሰር፣ ወይም ሁለት ዓይነት ሊጥ ተቀላቅሎ የሚደርቀውን ኢፖክሲ መለጠፍ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ አማራጮች ናቸው። ከሦስቱ ክላምፕ ይሻላል፤ ግፊቱን በቀዳዳዋ ዙሪያ እኩል ስለሚያሳርፍና በኋላ ሲላላ ደግሞ ሊጠብቅ ስለሚችል ነው። ኢፖክሲ የሚይዘው ቧንቧው ተፈግፍጎ ከዝገት ከጸዳና ከደረቀ ብቻ ነው። ውሃ እያስወጣ ባለ ቧንቧ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ግን ከአማራጭ አልቆጥረውም። ሲሚንቶው ውሃውን አያቆመውም፤ ቦታውን ይደብቀዋል እንጂ።

ማሰር የሚጠቅመው ቀጥ ባለው የቧንቧ አካል ላይ ለወጣች ቀዳዳ ነው። በመገጣጠሚያ ጥርስ፣ ማለትም ቧንቧው ተጠምዝዞ በሚገባበት ጠመዝማዛ ቁርጥ፣ ላይ ለሚያፈስ ቧንቧ ክላምፑ የሚቀመጥበት እኩል ገጽ የለውም። ሠራተኛ እስኪገኝ፣ ገንዘብ እስኪሟላ፣ ወይም በዓል እስኪያልፍ ለቀናት ማሰር ተገቢ ነው፤ ለወራት ግን አይሆንም።

አይሆንም የምለው ስለሚባክነው ውሃ ብቻ አይደለም። ውሃ ሲወጣበት የነበረ ቀዳዳ ውሃው በተቋረጠ ጊዜ ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር ይሆናል። መስመሩ ባዶ ሲሆን፣ በተለይም ዝቅ ያለ ቦታ ያለው ጎረቤት ቧንቧ ሲከፍት፣ ከኛ በኩል ያለው ውሃ ወደዚያ እየተሳበ ሲሄድ በቀዳዳዋ በኩል በዙሪያዋ ያለውን ጭቃና ፈሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል። አዳማ ውስጥ በብዙ ግቢ የመጸዳጃ ጉድጓድና የውሃ መስመር ጎን ለጎን ናቸው። ውሃው ሳይቋረጥ በሚፈስበት ከተማ ትንሽ ፍሳሽ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን የጤና ጉዳይ ነው፣ ቅድሚያም የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው። መሬት ውስጥ የተቀበረ ፍሳሽን ማሰር እንደ መፍትሔ እንዳይወሰድ አጥብቄ የምመክረው ለዚህ ነው።

ቆርጦ መቀየር፦ የብረት ቧንቧ ላይ ያለው እውነት

በከተማችን የቆዩ ቤቶች አብዛኛው መስመር በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ይህ ቧንቧ ጠንካራ ነው፤ ፀሐይ አይጎዳውም፣ ዶማ ቢነካውም በቀላሉ አይበሳም። ደካማ ቦታው ጥርሱ ነው። የተለመደው ግማሽ ኢንች ቧንቧ የግድግዳው ውፍረት 2.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጥርስ ሲወጣለት ከዚያ ውስጥ 1.1 ሚሊ ሜትር ያህሉ ተቆርጦ ይወድቃል፤ የዚንክ ልባሱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ዝገት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በመገጣጠሚያው አፍ ላይ ነው። ቧንቧው ገና አዲስ መስሎ እያለ ኤልቦው (የመታጠፊያው መገጣጠሚያ) ሥር የሚያለቅሰውም ለዚህ ነው።

ፍራንኮ አካባቢ ባለው የእናቴ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። በማዕድ ቤቱ ሊሾ ሥር አንድ ኤልቦ ማፍሰስ ጀመረ፤ ሠራተኛ መጥቶ ሊሾውን ሰብሮ ኤልቦውን ቀየረው፣ ሥራውም ንጹሕ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከዚያው አንድ ሜትር ተኩል ርቆ ያለው መገጣጠሚያ አፈሰሰ። እሱም ተቀየረ። ሦስተኛው ሲያፈስ ነገሩ ገባኝ። የዛገን መስመር አንዱን ጫፍ በቱቦ መፍቻ ሲያዞሩት ኃይሉ በቧንቧው አልፎ የሚቀጥለውን የተበላ ጥርስ ያነቃንቀዋል። ሠራተኛው ጥፋት አልሠራም፤ ጥፋቱ እኛ ቤተሰቦቹ ያረጀን መስመር በቁራጭ ለማዳን መምረጣችን ነበር። በመጨረሻ ለሊሾውና ለድካሙ ያወጣነው ገንዘብ ሲደመር አዲስ መስመር ከሚያወጣው በልጦ ተገኘ።

ታዲያ ቆርጦ መቀየር መቼ ያዋጣል? የተቆረጠውን ቁራጭ በእጅ ይዞ መመልከት ነው። ውስጡ በቡናማ ቅርፊት ተሞልቶ የውሃው መንገድ የጠበበ ከሆነ፣ ጥርሱም በጥፍር ሲነካ የሚረግፍ ከሆነ፣ የቀረውም መስመር እንዲያው ነው። ጠዋት መጀመሪያ የሚቀዳው ውሃ ቀይ ሆኖ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚጠራ ከሆነም ዝገቱ የአንድ ቦታ አይደለም ማለት ነው። የተቆረጠው ቁራጭ ውስጡ ንጹሕ ከሆነ፣ የተበላሸበትም ምክንያት ግልጽ ከሆነ፣ ለምሳሌ መኪና ወጥቶበት ወይም ሲቆፈር ተመትቶ ከሆነ፣ ያንን ክፍል ብቻ በዩኒየን፣ ቧንቧውን ራሱን ሳያዞሩ በሚጠብቅ ማያያዣ፣ መቀየር ትክክለኛውና ርካሹ ምርጫ ነው። ያኔም ጥርሱ ላይ የሚጠቀለለው ቴፍሎን ወይም ቃጫ በጥርሱ አቅጣጫ መጠምጠሙን ማየት ይገባል፤ በተቃራኒው ከተጠመጠመ ሲጠብቅ ይፈታል።

የፒቪሲ መስመር ከሆነ ፈጽሞ መፈቀድ የሌለበት አንድ ልማድ አለ። ብዙ ሠራተኛ ሶኬት (ሁለት ቧንቧ የሚያገናኝ ማያያዣ) ላለመግዛት የቧንቧውን ጫፍ በእሳት አሙቆ እየዘረጋ ሌላውን ይከተዋል። እሳት የነካው ፒቪሲ ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ በሌሊት ግፊት ደግሞ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። በሙጫ የተያያዘውም ቢሆን ውሃ ከመለቀቁ በፊት ማደር አለበት። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ዛሬውኑ ይለቀቅ ብሎ የሚያጣድፍ የቤት ባለቤት ያንኑ ሥራ ደግሞ ያሠራል።

እንደ አዲስ መዘርጋት፦ ፒፒአር ወይስ ጥቁሩ ቧንቧ?

ብረቱ ማርጀቱ ከታወቀ ቀጣዩ ጥያቄ በምን ይተካ የሚለው ነው። ለቤት ውስጥ ፒፒአርን እመርጣለሁ። ቧንቧውና መገጣጠሚያው በ260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቀልጠው አንድ አካል ስለሚሆኑ፣ ጥርስ የሚባለው ደካማ ቦታ በመስመሩ መካከል አይኖርም፤ አይዝግም፤ ሙቅ ውሃም ይችላል። ሆኖም የፒፒአር መልካምነት ሙሉ በሙሉ በሠራተኛው እጅ ላይ ነው። የ20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በኤሌክትሪክ በሚሠራው ማቅለጫ ማሽን ላይ 5 ሰከንድ፣ የ25 ሚሊ ሜትሩ 7 ሰከንድ ያህል ከቆየ ይበቃዋል፤ ከዚያ ሳይጣመምና ሳይሽከረከር ቀጥ ብሎ ይገፋል፣ ለሁለት ደቂቃም ሳይነካ ይያዛል። ብዙ የቆየ ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ቀልጦ የውሃውን መንገድ ይዘጋዋል፤ አዲስ መስመር ተዘርግቶ የሻወሩ ውሃ ቀጭን ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። እርጥብ ቧንቧ ፈጽሞ አይያያዝም፤ ስለዚህ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ባዶ መሆን አለበት። መብራት በጠፋበት ሰዓት ማሽኑ አይሠራም፤ የሥራውን ቀን ስንቀጥር ይህንም አብረን ማሰብ ይኖርብናል።

የፒፒአር ሌላው ድካም ሙቀትና ፀሐይ ነው። የ4 ሜትሩ አንድ ቧንቧ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በዚሁ ልዩነት ብረት የሚረዝመው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የአዳማ ቀትር ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ በጥብቅ የታሰረ ፒፒአር ይጎብጣል፤ ሽፋን ከሌለውም ከዓመታት በኋላ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወደ ሮቶ በሚወጣው መስመር ላይ ወይ ይሸፈን፣ ወይ ሌላ ቧንቧ ይመረጥ።

ለግቢ፣ ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ወይም እስከ ሮቶው ላለው መስመር፣ ጥቁሩ የኤችዲፒኢ (የሚተጣጠፍ ፕላስቲክ) ቧንቧ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ጥቁርነቱ የሚመጣው ከተቀላቀለበት ካርበን ሲሆን ከፀሐይ የሚጠብቀውም እሱ ነው። በጥቅል ስለሚመጣ 20 ሜትር መስመር ያለ አንድ መገጣጠሚያ ሊዘረጋ ይችላል፤ መገጣጠሚያ የሌለበት ቦታ ደግሞ የማፍሰስ ዕድሉ ትንሽ ነው። መገጣጠሚያው ያለ ማሽንና ያለ መብራት፣ በማጥበቅ ብቻ ይገባል። የመሬቱን እንቅስቃሴም ይቀበላል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከሰቱትን ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጦች አዳማ ሆነን ስለተሰማን፣ ግትር ከሆነ መስመር ይልቅ የሚተጣጠፍን መምረጥ ለዚህ አካባቢ ምክንያት ያለው ጥንቃቄ ነው። ግማሽ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ፣ ድንጋይ በሌለበት አሸዋ ላይ ተኝቶ መቀበር አለበት፤ ስለት ያለው ድንጋይ ጊዜ ወስዶ ይበሳዋል። የአካባቢያችን አፈር በብዙ ሰፈር ልል የእሳተ ገሞራ አመድና አሸዋ ስለሆነ ውሃን በፍጥነት ይውጣል፤ የተቀበረ ፍሳሽ ላይ ላዩን ሳይታይ ለወራት ሊቆይ የሚችለውም በዚህ የተነሳ ነው።

መስመሩ በሴራሚክ ወይም በሊሾ ሥር ካለፈ አሮጌውን ለማውጣት ወለሉን መስበር አያስፈልግም። አሮጌው በሁለቱም ጫፍ ተደፍኖ እዚያው ይቅርና አዲሱ በግድግዳው ግርጌ፣ ጥላ ባለበት ወገን ይለፍ። ውበቱን የሚነቅፍ ይኖራል፤ ነገር ግን የሚታይ ቧንቧ ሲያፈስ በዕለቱ ይታወቃል፣ ሲጠገንም አንድ ሴራሚክ አይሰበርም። አብዛኛውን ጊዜ ወጪው የሚበዛው በቧንቧው ዋጋ ሳይሆን በመስበርና በመመለስ ላይ ስለሆነ፣ ዋጋ ሲነጻጸር ሁለቱን ለይቶ መጠየቅ ይገባል። በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ግን ይህ ምርጫ የብቻው አይደለም፤ ቋሚው መስመር የጋራ ስለሆነ ከታች ካለው ጎረቤትና ከማኅበሩ ጋር ተነጋግሮ፣ የጋራው ቫልቭ የሚዘጋበትን ሰዓት አስቀድሞ አሳውቆ መሥራት ግዴታ ነው።

የኤሌክትሪክ ጉዳይ በዚህ ሥራ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በአንዳንድ የቆዩ ቤቶች የኤሌክትሪኩ የመሬት ሽቦ የታሰረው በብረቱ የውሃ ቧንቧ ላይ ነው። በመካከሉ አንድ ሜትር ፕላስቲክ ሲገባ ያ መንገድ ይቋረጣል፤ የሻወር ማሞቂያ ያለበት ቤትም ሳያውቀው ያለ መከላከያ ይቀራል። ብረቱ ከመቆረጡ በፊት ሽቦ ታስሮበት እንደሆነ ማየት፣ ታስሮም ከሆነ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ራሱን የቻለ የመሬት ዘንግ ማስተከል ለነገ የሚባል አይደለም።

ሥራው ካለቀ በኋላ

ማንኛውም መስመር ከመቀበሩ ወይም ከመለሰኑ በፊት ቢያንስ አንድ ሌሊት በከተማው ሙሉ ግፊት ላይ ሳይሸፈን ማደር አለበት፤ በሮቶ ግፊት ብቻ የተሞከረ መስመር አልተሞከረም። ለሠራተኛው የመጨረሻው ክፍያ ከዚያ ሌሊት በኋላ እንዲሆን አስቀድሞ መስማማት ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው።

የተከፈተ መስመር አፈር መግባቱ ስለማይቀር መጀመሪያ ውሃው እስኪጠራ ይፈስስ። ሮቶውም ጭቃ ከገባበት ታጥቦ እንደገና ይሞላና፣ ሽታ ያልተጨመረበትና 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና ለ1,000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ሒሳብ ይጨመርበታል፤ የክሎሪኑ ሽታ በየቧንቧው እስኪወጣ ሁሉም ተከፍቶ ይዘጋና ለ12 ሰዓት ይቆያል። ይህ ውሃ አይጠጣም፣ አይበሰልበትም፤ ሙሉ በሙሉ ተደፍቶ መስመሩ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል።

ቦዩ ከመሸፈኑ በፊት ደግሞ መስመሩ ከግድግዳው ስንት ሜትር ርቆ፣ በምን ያህል ጥልቀት እንዳለፈ ተለክቶ ይጻፍ፣ በስልክም ፎቶ ይነሣ፤ ወረቀቱም ከቤቱ ካርታ ጋር ይቀመጥ። ከዓመታት በኋላ በዚያ ግቢ አጥር የሚያሠራ ወይም ዛፍ የሚተክል ሰው የት መቆፈር እንደሌለበት ከዚያ ያውቃል።